በሰገነቱ ዙሪያ መከታ

በዚህ እትም የምንነጋገርበት ጉዳይ ዛሬ በብዙ ቤት የሚነሣ ነው። የ11 ወይም የ12 ዓመት ልጅ ከእራት በኋላ ጠጋ ይልና፣ “አባዬ፣ የምጽፈውን ሰው እንዲያነበው ብሎግ ክፈትልኝ” ይላል። ብሎግ ማለት አንድ ሰው ጽሑፉን በየጊዜው የሚያወጣበት፣ አዲሱ ከላይ አሮጌው ከታች እየሆነ የሚደረደርበት የኢንተርኔት ማስታወሻ ደብተር ነው። አንዳንዱ ልጅ በዚህ ፋንታ የቴሌግራም ቻናል ወይም የዩቲዩብ ገጽ ይጠይቃል። ነገሩ ግን ያው ነው፤ ልጁ በልቡ ያለውን ለማያውቀው ሰው ማሰማት ፈልጓል።

በቤታችን የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። “እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቤት እንዳይነሣ!” ይባላል፤ ወይም “ጎበዝ! እንካ ስልኩን፣ አንተ ከእኔ የተሻለ ታውቃለህ” ይባላል። የመጀመሪያው ወላጅ ጠንቃቃ፣ ሁለተኛው ዘመናዊ ይመስላል። ሁለቱም ግን ልጁን ብቻውን ትተውታል። የተከለከለው በጓደኛው ስልክ ይከፍታል፤ የተፈቀደለትም ማንም ሳያየው ይከፍታል።

በነገራችን ላይ ባለ ትዳሮች ይህን ልብ በሉ። ልጆች ማንን መቼ እንደሚጠይቁ ያውቃሉ። እናት “አይሆንም” ካለች አባት ደክሞት ከሥራ እስኪገባ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ለልጁ ከመመለሳችሁ በፊት ሁለታችሁ መኝታ ቤታችሁ ገብታችሁ ተነጋገሩ፣ ጸልዩበትም። አንዳችሁ ፈቅዳችሁ ሌላችሁ ሳታውቁ የተከፈተ ገጽ ውሎ አድሮ በትዳራችሁ መካከል የጠብ ምክንያት ይሆናል።

በዘዳግም 22፥8 አንድ አጭር ትእዛዝ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፈዋለን። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። በዚያ አገር የቤቱ ጣራ ዝርግ ስለነበረ ሰው ይቀመጥበታል፣ ይጸልይበታል፣ እህል ያሰጣበታል። ሕጉ “ልጆቻችሁ ሰገነት ላይ አይውጡ” አላለም። መከታም እንዲያበጅ የታዘዘው ባለቤቱ እንጂ ሰገነቱ ላይ የሚጫወተው ልጅ አይደለም። ሰው ቢወድቅ ተጠያቂው መከታውን ያልሠራው ነው። ለልጆቻችን የኢንተርኔት ነገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ልጅ ከወላጅ ጋር ሆኖ ይህን ሲያደርግ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መጨረሻ ላይ በምዕራብ ስኮትላንድ፣ ሎክጊልፕሄድ በምትባል ትንሽ ከተማ የምትማር ማርታ ፔይን የተባለች የ9 ዓመት ልጅ ብሎግ ጀመረች። ስሙ “ኔቨርሴከንድስ” ነበር፤ “ምግብ አይደገምም” እንደማለት ነው። ርእሰ ጉዳይዋ የትምህርት ቤት ምሳ ነው። የምሳዋን ሳህን ፎቶ ታነሣለች፤ ለጣዕሙ ከ10 ነጥብ ትሰጣለች፤ ለጤና የሚስማማ መሆኑንም ከ10 ትመዝናለች፤ ስንት ጉርሻ እንደሆነ ትቆጥራለች፤ ዋጋውን ትጽፋለች። በመጨረሻም ምግቡ ውስጥ ስንት ፀጉር እንደተገኘ ታስታውቃለች! ከመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች በአንዱ ላይ የነበረው አንድ ቁራጭ ፒዛና ከድንች የተሠራ አንዲት ክሮኬት ነበር። የምታድግ ልጅ በዚህ ጠግባ ከሰዓት በኋላ እንዴት ትማራለች የሚል ነበር አቤቱታዋ።

ገጹን እንድትከፍት የረዷት አባቷ ዴቪድ ፔይን ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስተውሉ። ልጅቷ በስሟ አልጻፈችም፤ “ቬግ” በሚል የብዕር ስም ነበር የምትጽፈው። ፎቶውም የሳህኑ እንጂ የፊቷ አልነበረም። ካሜራዋን ወደ ምሳ ክፍል የምታስገባው ትምህርት ቤቱ እያወቀ ነው። አባት በልጃቸው ፈንታ አልጻፉም፤ ነገር ግን አጠገቧ ነበሩ።

አጠገቧ መሆናቸው በሁለተኛው ወር አስፈለገ። ብሎጉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ተነበበ፤ ጋዜጦችም ጻፉበት። አንድ ጋዜጣ የወጥ ቤት ሠራተኞቹ ይባረሩ የሚመስል ርእስ አወጣ። በሰኔ ወር የአካባቢው ምክር ቤት፣ ሠራተኞቹ ለእንጀራቸው መስጋታቸውን ጠቅሶ ፎቶ እንዳታነሣ ከለከላት። የ9 ዓመት ልጅ ከትምህርት ክፍል ተጠርታ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራት ምን እንደሚሰማት አስቡ። የመሰናበቻ ጽሑፍ ጻፈች። ከብዙ አገር ተቃውሞ ስለወረደበት ምክር ቤቱ በማግስቱ ክልከላውን አነሣ። ማርታ ቀደም ብላ “ሜሪስ ሚልስ” ለሚባል፣ የድሀ አገር ተማሪዎችን ለሚመግብ ድርጅት ገንዘብ ታሰባስብ ነበር። ዕቅዷ 7,000 ፓውንድ ነበር። በዚያ ሰሞን ከ100,000 ፓውንድ በላይ ገባ፤ በማላዊ በአንድ ትምህርት ቤት የምግብ ማብሰያ ተሠራበት።

ይህን የተረክሁላችሁ ልጆቻችሁ ዝነኛ ይሁኑ ብዬ አይደለም። እንዲያውም አብዛኛውን የልጅ ጽሑፍ የሚያነቡት አያት፣ አክስትና ሁለት የክፍል ጓደኞች ናቸው፤ እንዲህም ይሻላል። ታሪኩ የሚያሳየን ግን ለአያት የታሰበ ጽሑፍ ሳይታሰብ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ነው። የብዕር ስሙም ለዘለዓለም አልሸሸጋትም፤ ስሟ ታወቀ። በፓኪስታን የስዋት ሸለቆ ልጅ ማላላ ዩሱፍዛይም በ2009 እ.ኤ.አ. በ11 ዓመቷ ለቢቢሲ የኡርዱ ክፍል ማስታወሻ ስትጽፍ “ጉል ማካይ” በሚል ስም ነበር፤ እርስዋም ውሎ አድሮ ታወቀች። ስለዚህ የብዕር ስም ስጡ፤ ነገር ግን ልጁ አንድ ቀን በስሙ ቢገለጥ የሚያሳፍረውን ነገር በብዕር ስምም አይጻፍ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ደብተር ግዙለት። ገጹ ከመከፈቱ በፊት አራት ጽሑፎች በወረቀት ላይ ይጨረሱ፤ በሳምንት አንድ። በሁለተኛው ሳምንት ከተሰለቸ ፍላጎቱ የጽሑፍ ሳይሆን የስልክ ነበር ማለት ነው፤ ያለ ክርክር ይታወቃል። አራቱን ከጨረሰ ደግሞ የሚወጣ ነገር በእጁ አለ። ርእሱን ከራሱ ውጪ ያለ ነገር ቢያደርገው እመርጣለሁ፤ በግቢው የሚያያቸው ወፎች፣ ያነበባቸው መጻሕፍት፣ አያቱ የሚነግሩት ተረት፣ የሰፈር እግር ኳስ። “ዛሬ እንዲህ ተሰማኝ፣ ከእገሌ ጋር ተጣላሁ” የሚለው በደብተሩ ይቆይ። በውጭ አገር የምትኖሩ ወላጆች ደግሞ ይህን አጋጣሚ አትለፉት፤ ልጁ በአማርኛ አንድ አንቀጽ እንዲጽፍ በቁጣ ያቃታችሁ፣ አዲስ አበባ ያሉ አያቱ እንደሚያነቡት ሲያውቅ ይጽፋል።

ከዚያ ምዝገባ ይመጣል፤ እኛ አማኞች በጣም ልንጠነቀቅ የሚገባን እዚህ ነው። አብዛኞቹ ድርጅቶች ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በራሱ እንዲመዘገብ አይፈቅዱም። ምክንያቱ በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣና በ2000 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ነው፤ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ የግል መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅን ፈቃድ ይጠይቃል። ታዲያ በብዙ ቤት ምን ይደረጋል? አባት ራሱ፣ “የተወለድሽበትን ዓመት ትንሽ ወደ ኋላ አድርጊው” ይላል። እሑድ ጠዋት ስለ እውነት ያስተማርነውን ማክሰኞ ማታ በአንድ ቁጥር አፈረስነው። ልጅቷ ከዚያ የምትማረው ኢንተርኔት ላይ መዋሸት ውሸት እንዳልሆነ ነው፤ ሌላው ሰው ደግሞ ስለ ዕድሜው ሲዋሻት ምን እንላታለን?

ሳናስበው የምንሳሳተውም አለ። መዝገቡ የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ2006 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ “2006” ብላ ብትሞላ በአንዴ 7 ወይም 8 ዓመት ታድጋለች። ድርጅቱ እንደ ትልቅ ሰው ይቆጥራታል፤ ለልጆች ያዘጋጀው ጥበቃ ሁሉ ይቀርባታል፤ ለአዋቂ የሚታየው ሁሉ ይታያታል። ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን ስልክ ወስዳችሁ የተመዘገበውን የልደት ቀን እዩ። በጥቂት ቤቶች ብቻ የሚገኝ ስሕተት አይመስለኝም።

ልጁ ከ13 በታች ከሆነ ገጹ በወላጅ ስምና በወላጅ ኢሜል ይከፈት። ልጁ ይጽፋል፣ እናት ወይም አባት ታነባለች፣ ያነባል፣ ከዚያ ይወጣል። እንደ ብሎገር ያሉት አገልግሎቶች ገጹን እናንተ ለመረጣችኋቸው ሰዎች ብቻ የሚታይ ለማድረግ ይፈቅዳሉ። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም። አሥር ዘመድ ጋብዙና ይበቃል። ከ13 በላይ ለሆነው የይለፍ ቃሉን ወላጅ ይወቅ፤ ግን በግልጽ። “ቃሉን እናውቀዋለን፣ አልፎ አልፎም እናያለን” ተብሎ ለልጁ ይነገረው። ተደብቆ ማየት የተለየ ነገር ነው፤ ልጁ የደረሰበት ቀን እምነቱ ይሰበራል።

የማይጻፈውን በተመለከተ፣ የእኛ አገር ስም ከሌላው የተለየ መሆኑን አስታውሱ። የልጁ ሙሉ ስም የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይወጣል። ስሙን ያወቀ ሰው አባቱንም አወቀ፤ የአባቱን ስም በፌስቡክ ፈልጎ ሰፈሩንና መሥሪያ ቤቱን ያገኛል። ዩኒፎርም ያለበት ፎቶም እንዲሁ ነው፤ ቀለሙና ዓርማው ትምህርት ቤቱን ይናገራል። “ሐሙስ በ11 ሰዓት የመዘምራን ልምምድ አለን” የሚለው ንጹሕ ዐረፍተ ነገር ከአጥቢያው ስም ጋር ሲገጥም ልጅቷ በየሳምንቱ በስንት ሰዓት የት እንደምትገኝ ይነግራል። የስልክ ካሜራም ፎቶ ሲያነሣ ቦታውን አብሮ ሊመዘግብ ይችላል፤ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ይዘጋል።

በእኛ ቤት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ እርሱም የጸሎት ርእስ ነው። ልጆቻችን በቤተሰብ ጸሎት ብዙ ይሰማሉ። የእገሊት ትዳር፣ የእገሌ ሕመም፣ የአጎት ዕዳ። ልጅ በቅን ልብ፣ “ለአክስቴ ጸልዩላት፣ ባሏ ትቷት ሄዷል” ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ክፋት የለበትም፤ አክስቱ ግን በማግስቱ ሰው ዓይን ማየት ያቅታታል። የስኮትላንዱ ወጥ ቤት ሠራተኞችም በአንዲት ልጅ ቅን ጽሑፍ ምክንያት ነበር የሰጉት። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ይሁን፤ ስለ ሌላ ሰው የሚጻፍ ነገር ያ ሰው ሳያነበውና ሳይፈቅድ አይወጣም። ሕጉ እናንተንም ይይዛል። ልጆቻቸውን ከእቅፍ ጀምሮ፣ ከነሙሉ ስማቸው፣ ከነልደት ቀናቸው፣ አንዳንዴም ከነመታጠቢያቸው በፌስቡክ ያወጡ ወላጆች ስንት ናቸው? ከልጁ በፊት የራሳችሁን ገጽ አጽዱ።

አስተያየት የሚሰጥበት ቦታ ይዘጋ፣ ወይም ወላጅ ካላጸደቀው እንዳይታይ ይደረግ፤ ብሎገርም ዎርድፕሬስም ይህ ማስተካከያ አላቸው። ቪዲዮ ለሚፈልጉት፣ ዩቲዩብ ራሱ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆች በሚታዩባቸው አብዛኞቹ ቪዲዮዎች ሥር አስተያየት ዘግቷል፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ የሚጭኑት ቪዲዮ ራሳቸው ካልቀየሩት በስተቀር ለሕዝብ እንዳይታይ አድርጓል። እንዲህ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ክፉ ሰው ወደ ልጅ የሚቀርብበት መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በስድብ አይጀምርም፤ በምስጋና ይጀምራል። “እንዴት ያለ ጸጋ አለሽ!” ይላል። ቀጥሎ፣ “እዚህ ሰው ያየናል፣ በቴሌግራም እናውራ” ይላል። ከዚያ፣ “ለእናትሽ አትንገሪ፣ አትረዳንም” ይመጣል። ከዚያ ፎቶ። ፎቶውን ካገኘ በኋላ ማስፈራራት። በእኛ መካከል ደግሞ ይህ ሰው የእኛን ቋንቋ ይናገራል፤ “ወንድምሽ በጌታ” ብሎ ይጽፋል፣ ጥቅስ ይልካል፣ “ጌታ ስለ አንቺ አሳየኝ” ይላል። ልጆቻችን አገልጋይን እንዲያከብሩ አስተምረናል፤ መልካም ነው። ይህንንም እንጨምርላቸው፤ “ለወላጆችሽ አትንገሪ” የሚል ትልቅ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የትም ይስበክ፣ ያን ጊዜውኑ ለእኛ ይነገራል።

ልጁ ይነግረን ይሆን? እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚወሰነው። ብዙ ልጆች ዝም የሚሉት አጥፊውን ፈርተው ብቻ አይደለም፤ ስልኩ እንዳይወሰድባቸው፣ አባት እንዳይጮህ፣ “እኔ ቀድሞውኑ አላልኩም?” እንዳይባሉ ፈርተው ነው። ገጹ በሚከፈትበት ቀን ሁለታችሁም በልጁ ፊት ተቀምጣችሁ ቃል ግቡለት፤ “ምንም ነገር ቢገጥምህ፣ አንተ ራስህ ያጠፋኸው ነገር እንኳ ቢኖር፣ መጥተህ ስለ ነገርከን አንቆጣህም፤ ስልክህንም አንወስድም።” ቃሉንም ጠብቁ። አንድ ጊዜ ካፈረሳችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም።

ከነገራችሁ ደግሞ ስልኩን ነጥቃችሁ ለዚያ ሰው በቁጣ አትጻፉ፣ መልእክቱንም አታጥፉ። መጀመሪያ መልእክቱን፣ የሰውየውን ስምና ገጽ ከነቀኑ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። የጠየቀውን ገንዘብም ሌላ ፎቶም አትላኩ፤ የሰጡት ይጨምራል እንጂ አይተውም። ከዚያ አግዱት፤ ለድርጅቱም አመልክቱ፤ ወደ ፖሊስም ሂዱ። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ልጅን በኮምፒውተር አማካይነት ለዝሙት ማባበልንም፣ ማስፈራራትንም ወንጀል አድርጓል። ሰውየው የአጥቢያ ሰው ሆኖ ቢገኝስ? “የጌታ ስም እንዳይሰደብ በሽማግሌ እንጨርሰው” የሚል ምክር ይመጣላችኋል። አትቀበሉት። ሽማግሌዎች ቤተሰቡን ይደግፉ፣ ይጸልዩ፤ ወንጀሉን ግን ሕግ ይየው። ሌላ ልጅ ነገ በዚያው እጅ እንዳትወድቅ ነው።

መንግሥታትም ጉዳዩን ችላ አላሉትም። አውስትራሊያ በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በትልልቆቹ የማኅበራዊ መገናኛ አውታሮች ገጽ እንዳይኖራቸው የሚከለክል ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ጥሩ ነው፣ አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እናቆየው፤ በእናንተ ሳሎን ውስጥ ግን ማንም መንግሥት አይቀመጥም።

የሳምንቱ አሠራር ይህን ይመስላል። አንድ የተወሰነ ምሽት ምረጡ። ልጁ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ እናንተም ስሙ፤ ፊደል አርሙለት፤ “ይህን ስታነብ የማታውቀው ሰው ስለ ቤታችን ምን ያውቃል?” ብላችሁ ጠይቁት። በጥቂት ወር ውስጥ እናንተ ሳትጠይቁት ራሱ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ገመዱን ትንሽ ማላላት ይቻላል። ስንት ሰው አነበበው የሚለውን ቁጥር ግን በየቀኑ እንዲያይ አትፍቀዱለት። አዋቂንም ያሳብዳል። ይልቁን በወር አንድ ጊዜ አንዱን ጽሑፍ አትማችሁ ስልክ ለሌላቸው አያት ስጡ፤ የእርሳቸው ምርቃት ከሺህ አንባቢ ይበልጥበታል።

አንድ ቀን ደግሞ “ሰለቸኝ” ይላል። በግድ አታስቀጥሉት። ጽሑፎቹን በሙሉ በወረቀት አትሙ ወይም በፍላሽ ገልብጡና አስቀምጡለት፤ ከዚያ ገጹን እንዲሁ ክፍት ትታችሁ አትሂዱ። ከፍታችሁ ያስገባችሁትን ኢሜልና የይለፍ ቃል ፈልጉ፤ ልጁ አጠገባችሁ ተቀምጦ እያየ ገጹን ራሳችሁ ሰርዙት።